ጭሰኛው ነፃ ወጣ፣ መሬቱ ግን እዛው ቀረ፦ የእንግሊዝ ባላባቶች አነሳስና አወዳደቅ

የእንግሊዝ ባላባት ጉልበቱን ያጣው ጦር ሜዳ ላይ ተሸንፎ አይደለም፣ አዋጅ ወጥቶበትም አይደለም። ሰራተኛ አጥቶ ነው። ስለ ፊውዳሊዝም ሲወራ ይቺ ነገር ሁሌ ስለምትዘለል ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ ልፅፍባት የፈለግኩት። እኛ ጋ የፊውዳል ነገር የሚታሰበው በ66ቱ አብዮት በኩል ስለሆነ እንደ አንድ ቀን ስራ አድርገን ነው የምናየው፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ወጣ፣ ጭሰኝነት ቀረ፣ አለቀ። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሲገነባም ሲፈርስም ብዙ መቶ አመት የወሰደ ነገር ነው፣ የፈረሰውም ግማሹ ብቻ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሰውየው ከጌታው እጅ ወጣ፣ መሬቱ ግን አልወጣም። (ከዚህ በኋላ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ጌቶቹ ከየት መጡ የሚለውን እንይ። ምእራብ አውሮፓን የገዛው የሻርለማኝ ትልቁ ግዛት በ843 በቬርዳን ውል ለሶስት የልጅ ልጆቹ ተከፋፈለ፣ እነሱም እርስ በርስ ሲናከሱ ከሰሜን ቫይኪንጎች በጀልባ ወንዙን ተከትለው እየገቡ፣ ከምስራቅ ደግሞ ማጃሮች በፈረስ እየጋለቡ አገሩን ማቃጠል ያዙ። ንጉሱ ሩቅ ነው፣ ጦሩ ተሰብስቦ እስኪደርስ መንደሩ አመድ ሆኗል። ስለዚህ ሰው ያደረገው የሚጠበቀውን ነው፣ ቅርቡ ያለውን ጉልበተኛ ተጠጋ፣ ማለትም ፈረስና የብረት ልብስ ያለውን፣ ኮረብታ ላይ ምሽግ የሰራውን ሰው። አንዳንዱ ገበሬ የገዛ መሬቱን ለዚህ ሰው አስረክቦ እንደ ጭሰኛ መልሶ ተቀበለ፣ ጥበቃ ስለሚያገኝበት። ስርአቱ ሲጀመር ሰው የሚፈልገው ነገር ነበረው ማለት ነው፣ ይሄን ካልተረዳን ለምን ይሄን ያህል እንደቆየ አይገባንም።

ጌታው ራሱ ደግሞ ከሱ በላይ ላለው ጌታ ያድራል። ስነስርአቱ የታወቀ ነው፣ ሰውየው ትጥቁን ፈትቶ፣ ራሱን ገልጦ ይንበረከካል፣ ሁለት እጆቹን አጋጥሞ በጌታው መዳፎች መሃል ያስገባል፣ ያንተ ሰው ነኝ ብሎ ይምላል፣ ጌታውም ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል። ገንዘብ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ወታደር የሚቀጠረው በመሬት ነው፣ በቃ። ማደሪያው መጀመሪያ ላይ ሰውየው እስካለና እስካገለገለ ድረስ ብቻ ነበር፣ እያደር ግን ልጅ የሚወርሰው ሆነ። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም መሬቱ ከአባት ለልጅ ካለፈ ንጉሱ የሰጠውን መልሶ መንጠቅ አይችልም፣ መሬቱ ላይ ያለው ዳኝነትም፣ ግብሩም፣ ምሽጉም የቤተሰብ ንብረት ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዝ ላይ ይሄ ስርአት በአንድ ጊዜ ከላይ ነው የተጫነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1066 የኖርማንዲው ዊሊያም ሄስቲንግስ ላይ አሸነፈና አገሩ ሁሉ የኔ ነው አለ፣ ከዛ በኋላ መሬት የያዘ ሰው ሁሉ በቀጥታም ሆነ በተዋረድ ከንጉሱ ነው የያዘው። ከ20 አመት በኋላ በ1086 ምን ምን እንዳለው ለማወቅ ያስቆጠረው ቆጠራ፣ ዱምስዴይ የሚባለው መዝገብ፣ ዛሬም አለ፣ ከ13,000 በላይ ቦታዎች ተመዝግበውበታል። በዛን ጊዜ የነበረ እንግሊዛዊ ዜና መዋዕል ጸሃፊ በጣም ተናዶ አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንዲት አሳማ እንኳን ሳትመዘገብ አልቀረችም ብሎ ፅፏል። ከመዝገቡ ላይ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል፣ ከአገሩ የመሬት ሃብት ግማሹን ያህል ወደ 190 የሚሆኑ የንጉሱ ባላባቶች ይዘውታል፣ ሩቡን ያህል ጳጳሳትና ገዳማት፣ የቀረውን በብዛት ንጉሱና ቤተሰቡ። የድሮዎቹ እንግሊዛውያን ትልልቅ ባለመሬቶች ተጠራርገው ጠፍተዋል፣ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው የተረፉት።

እዚህ ጋ ለኛ አንባቢ አንድ ነገር ግልፅ ላድርግ። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ጉልተኛው የሚበላው ግብሩን ነበር፣ መሬቱ ግን የገበሬው ርስት ነው፣ ጉልተኛው ቢሻርም ርስተኛው እዛው ነው ያለው። የእንግሊዙ ጭሰኛ እንደዛ አይነት መያዣ አልነበረውም። በህግ አይን መሬቱ የጌታው ነው፣ ጭሰኛው የሚቀመጠው በጌታው ፈቃድ ነው፣ ደግሞም ጥሎ መሄድ አይችልም። ሁለቱም መንገድ የተዘጋበት ሰው ነው፣ መሬቱ የሱ አይደለም፣ እሱ ግን የመሬቱ ነው።

ኑሮው ምን ይመስል ነበር? በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ያለ ክፍያ ማለት ነው። አዝመራ ሲደርስ ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ይጠራል፣ የራሱ እህል ማሳው ላይ ዝናብ እየመታው የጌታውን ያጭዳል። ልጁን ሲድር ይከፍላል። ልጁን ትምህርት ቤት ልኮ ቄስ ሊያደርገው ከፈለገ ያስፈቅዳል፣ ለፈቃዱም ይከፍላል። ከአመቱ እህል አንድ አስረኛው ለቤተክርስቲያን አስራት ነው። ሲሞት ደግሞ፣ ይሄ ሁሌ የሚያንገበግበኝ ነው፣ ካሉት ከብቶች ምርጡን ጌታው ይወስዳል፣ ሁለተኛውን በብዙ ቦታ የደብሩ ቄስ ይወስዳል፣ ያውም ቤቱ አባወራ ባጣበት ሳምንት፣ ሚስትየዋ በሬ ከመቼውም በላይ በምትፈልግበት ሰአት። ከጌታው ጋር ቢጣላ የሚከሰው እዛው የጌታው ችሎት ላይ ነው፣ የንጉሱ ፍርድ ቤት የጭሰኛን የመሬት ክስ አይሰማም።

ከሁሉም ግን ሰውን ያንገሸገሸው የወፍጮ ነገር ይመስለኛል። እህሉን በጌታው ወፍጮ ካልሆነ ማስፈጨት አይችልም፣ ከዱቄቱም ለወፍጮው ይቆነጠርበታል። ሰንት ኦልባንስ የሚባል ከለንደን ሰሜን ያለ ከተማ ነበር፣ ጌታው ገዳሙ ነው። ሰዉ በየቤቱ የእጅ ወፍጮ ይዞ መፍጨት ሲጀምር በ1330ዎቹ አበምኔቱ ሪቻርድ ኦፍ ዎሊንግፎርድ ወፍጮዎቹን በሙሉ አስለቅሞ ምን አደረጋቸው መሰላችሁ፣ ድንጋዮቹን የገዳሙን እንግዳ መቀበያ ክፍል ወለል አነጠፈባቸው። ከዛ በኋላ የከተማው ሰው ለጉዳይ በገባ ቁጥር በገዛ ወፍጮው ላይ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። ይሄ አበምኔት በነገራችን ላይ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የሂሳብና የሰአት ስራ ሊቃውንት አንዱ ነው፣ እውቀቱ ግን ለነዚህ ሰዎች አልደረሰላቸውም።

ነገስታቱ ከላይ በኩል ባላባቶቹን መሸርሸር የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፣ ይሄን በአጭሩ ልለፈው። ሄንሪ ሁለተኛ ከ1160ዎቹ ጀምሮ የንጉሱን ችሎት አስፋፋ፣ ነፃ የሆነ ሰው መሬቱን ቢቀማ በቀጥታ ለንጉሱ ዳኛ ይከሳል። ጦር ሜዳ መሄድ ያልፈለገ ባላባት በገንዘብ መክፈል ተፈቀደለት፣ ንጉሱም በገንዘቡ ቅጥረኛ ወታደር ያሰማራል። ባላባቶቹ በ1215 ንጉስ ጆንን ራኒሚድ ሜዳ ላይ አስገድደው ማግና ካርታ የሚባለውን የመብት ሰነድ በማህተሙ ያስፀደቁት ከዚህ ሽኩቻ ውስጥ ነው። ሰነዱ የነፃነት አባት ተደርጎ ይወራለታል፣ እኔም ክብር አለኝ፣ ግን ነፃ ሰው ያለ ፍርድ አይታሰርም የሚለው አንቀፅ ሲፃፍ ከአገሩ ገበሬ ግማሽ ያህሉ ነፃ ሰው አልነበረም። በ1290 ደግሞ ኤድዋርድ አንደኛ መሬት የሸጠ ሰው ከገዢው በላይ ጌታ ሆኖ መቀጠል እንዳይችል ህግ አወጣ፣ ተዋረዱ ከዛ በኋላ ወደ ታች እየረዘመ መሄዱ ቆመ።

ይሄ ሁሉ ግን ታች ያለውን ጭሰኛ አልነካውም። እንዲያውም 1300 አካባቢ የጌቶቹ ጉልበት ጫፍ ላይ ነበር፣ ምክንያቱ ደግሞ የህዝብ ብዛት ነው። እንግሊዝ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበራት፣ መሬቱ ተቆራርሶ አልቋል፣ አንድ ጭሰኛ ቢያጉረመርም በሱ ቦታ ለመግባት የተሰለፈ መሬት አልባ ሞልቷል። ኪራይ ይጨምራል፣ የቀን ሰራተኛ ደሞዝ ይወርዳል። ከ1315 ጀምሮ ዝናቡ ሳያባራ ሁለት ሶስት አመት አዝመራ ሲበሰብስ በረሃብ ያለቀው ሰው ብዙ ነው፣ ጌቶቹ ግን ኪራያቸውን መሰብሰብ አላቆሙም።

ከዛ ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ መጣ። በ1348 ጁን አካባቢ በደቡብ ጠረፍ ዶርሴት ውስጥ ባለች ወደብ ገባ፣ በአንድ አመት ተኩል ውስጥ ከህዝቡ ከሶስት አንዱን ገደለ የሚሉ አሉ፣ ግማሹን የሚሉም አሉ። በ1361 ተመልሶ መጣ፣ ከዛም በኋላ በየጊዜው። 1300 ላይ 5 ሚሊዮን የነበረው ህዝብ በ1370ዎቹ መጨረሻ 2 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ምን ያህል ሃዘን እንደሆነ ልገልፀው አልችልም፣ መንደር ሙሉ የጠፋበት ቦታ አለ። ግን የተረፈው ሰው ጠዋት ሲነሳ ያየው አለም ሌላ ነው፣ መሬቱ እንዳለ ነው፣ በሬው አለ፣ አራሽ የለም። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌታው ነው የሚለምነው።

ጌቶቹ ምን እንዳደረጉ ማየት ነው እንግዲህ፣ ምክንያቱም ስርአቱ በትክክል ምን ላይ ቆሞ እንደነበር ያጋለጡት እነሱው ናቸው። በ1349 ገና ሬሳ ሳይቀበር አዋጅ ወጣ፣ ከ60 አመት በታች የሆነ፣ የራሱ ስራ ወይም መሬት የሌለው ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ነፃም ሆነ ጭሰኛ፣ የጠራው ጌታ ጋ በድሮው ደሞዝ መስራት ግዴታው ነው፣ ውሉ ሳያልቅ ጥሎ ከሄደ እስር ቤት። በ1351 ደግሞ ፓርላማው ዝርዝር ተመን አወጣ። ድርቆሽ ለሚሰበስብ በቀን 1 ፔኒ፣ አጨዳ በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት 2 ፔንስ፣ ከሁለተኛው ሳምንት 3 ፔንስ፣ ምግብና መጠጥ ሳይጨመር። አንዷ አንቀፅ ደግሞ እንዲህ ትላለች፣ ሰራተኛ ማጭዱንና መሳሪያውን በግልፅ በእጁ ይዞ ገበያ ከተማ ይቁም፣ የሚቀጠረውም በአደባባይ እንጂ በስውር አይደለም። ለምን በስውር አይደለም አሉ? ምክንያቱም ጎረቤት ጌታ ማታ መጥቶ ጓዳ ውስጥ 5 ፔንስ እሰጥሃለሁ እያለ ሰው እያስኮበለለ ስለሆነ ነው።

ህጉ ያልሰራውም በዚሁ ነው። ለማስከበር ዳኞች ተመድበዋል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተቀጥቷል፣ ግን ህጉን በፓርላማ ያወጡት ባለመሬቶች ራሳቸው እቤታቸው ሲገቡ እህላቸው ማሳ ላይ እየረገፈ ነው፣ ስለዚህ ህጉ የሚፈቅደውን የገንዘብ ደሞዝ መዝገብ ላይ ይፅፉና በጎን እህል፣ ልብስ፣ የነፃ ምሳ ይጨምራሉ። የጌቶቹ ችሎት መዝገቦች ላይ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እገሌ ያለ ፈቃድ ሄዷል፣ ይመለስ የሚል ትእዛዝ በየአመቱ ይደጋገማል፣ ያው ስም፣ ያው ትእዛዝ፣ አይመለስም። የት እንዳለም የሚታወቅ አለ፣ ሁለት መንደር አልፎ ሌላ ጌታ ጋ በኪራይ ብቻ መሬት ይዞ እያረሰ ነው፣ ያኛው ጌታ አሳልፎ አይሰጠውም። ወይም ከተማ ገብቷል፣ ባለቻርተር ከተማ፣ ማለትም የራሱ መብት በደብዳቤ የተሰጠው ከተማ ውስጥ አንድ አመት ከአንድ ቀን የቆየ ጭሰኛ ነፃ ነው።

በዚህ መሃል ነው የ1381ዱ አመፅ የመጣው። ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት በአራት አመት ውስጥ ሶስት ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፣ የመጨረሻው በሰው 12 ፔንስ፣ ቅድም ያየነውን የቀን ደሞዝ አስቡት። ሜይ መጨረሻ ላይ ኤሴክስ ውስጥ ግብር ሰብሳቢው ተባረረ፣ ኬንት ተከተለ፣ ጁን 13 ዋት ታይለር የሚመራው ህዝብ ለንደን ገባ። ጆን ቦል የሚባል ቄስ አብሯቸው ነበር፣ አዳም ሲቆፍር ሄዋን ስትፈትል ያኔ ባላባቱ ማን ነበር የምትለዋ ስብከት የሱ ናት። በማግስቱ የ14 አመቱ ንጉስ ሪቻርድ ሁለተኛ ማይል ኤንድ ላይ አገኛቸው። የጠየቁት ምንድነው? ጭሰኝነት ይቅር፣ የመሬት ኪራይ በኤከር 4 ፔንስ ይሁን፣ ሰው የሚሰራው በፈቃዱና በውል ይሁን። እሺ አለና ፀሃፊዎቹ የነፃነት ደብዳቤ ሲፅፉ ዋሉ። በዛው ቀን ሌሎቹ አመፀኞች ታወር የሚባለው የለንደን ምሽግ ገብተው የአገሪቱን ቻንስለር የነበረውን ሊቀጳጳስና የግምጃ ቤቱን ሹም አንገታቸውን ቀሉ። ጁን 15 ስሚዝፊልድ ላይ ታይለር ተገደለ፣ ደብዳቤዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተሻሩ፣ ጆን ቦልም ተሰቀለ።

በየክፍለ ሃገሩ የተደረገውን ስታዩ ግን ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ በደንብ ያውቁ ነበር። ምሽግ ሲሰብሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት የችሎት መዝገቡን ነው፣ አውጥተው ያቃጥሉታል፣ ምክንያቱም የነሱ ጭሰኝነት የተፃፈው እዛ ላይ ነው። ሰንት ኦልባንስ ላይ ደግሞ ገዳሙ ገብተው የዛን ክፍል ወለል ፈነቀሉት፣ የአያቶቻቸውን የወፍጮ ድንጋይ አወጡና ሰባብረው ቤተክርስቲያን እሁድ እሁድ እንደሚታደለው የተባረከ ዳቦ ቁራሽ ቁራሹን ለየቤቱ አከፋፈሉት። ይሄን የፃፈው የዛው ገዳም መነኩሴ ነው፣ አመፀኞቹን የሚጠላ ሰው ነው፣ እሱ ራሱ ግን ይሄን ሳይፅፍ ማለፍ አልቻለም።

አመፁ ተሸነፈ፣ ጌቶቹ ግን አላሸነፉም። ደሞዙ መጨመሩን ቀጠለ፣ በ1400ዎቹ አጋማሽ የተራ ሰራተኛ የመግዛት አቅም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ እንደተጠጋ የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ። ጌታው ሁዳዱን በነፃ ጉልበት ማሳረስ ሲያቅተው ቆራርሶ አከራየው። የጭሰኛው የጉልበት ግዴታ ቀስ በቀስ ወደ ቋሚ ኪራይ ተቀየረ፣ በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለበትን ግልባጭ እንደ ማስረጃ የሚይዝ ኮፒሆልደር የሚባል ባለይዞታ ሆነ፣ ኋላ ላይም የንጉሱ ፍርድ ቤቶች ይሄን ግልባጭ መቀበል ጀመሩ። በ1500 ጭሰኝነት የሚባለው ነገር እዚህም እዚያም የቀረ ርዝራዥ ነው፣ በ1574 ኤልሳቤጥ አንደኛ በዘውዱ መሬት ላይ የቀሩትን እያስከፈለች ነፃ እንዲወጡ አደረገች። የሻረው አንድም ህግ የለም፣ ዝም ብሎ ነው የሞተው።

እንግዲህ የሰው ቁጥር ማነስ ብቻውን ነፃ ያወጣል ብሎ መደምደም ይመጣል፣ እኔ ግን አይመስለኝም፣ ማስረጃው ደግሞ ምስራቅ አውሮፓ ነው። ከኤልቤ ወንዝ ወዲያ ያለው አገር፣ ፕሩሺያ፣ ፖላንድ፣ ራሽያ፣ እዛም ሰራተኛ እጥረት ነበረ፣ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ ባላባቶቹ ገበሬውን የበለጠ አሰሩት። ከተሞቹ ደካማ ናቸው፣ ንጉሱ ከባላባቶቹ ጋር ተስማምቷል፣ በተጨማሪ ደግሞ እህል ወደ ምእራብ መላክ ትርፍ ያመጣል። ፖላንድ በ1520 ገበሬው በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ለጌታው እንዲሰራ ህግ አወጣች፣ ኋላ ላይ ሶስትና አራት ቀንም ደርሷል። ራሽያ ውስጥ በ1497ቱ ህግ ገበሬ ከጌታው መልቀቅ የሚችለው በአመት አንዴ፣ በመከር ቅዱስ ጊዮርጊስ በአል ዙሪያ ባሉ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበር፣ ያችም ቀረች፣ በ1649 ደግሞ የኮበለለ ገበሬ ስንትም አመት ቢያልፈው ታድኖ እንዲመለስ ታወጀ። እስከ 1861 ድረስ። ልዩነቱ ያለው እንግዲህ ሰውየው መሄድ መቻሉ ላይ ነው፣ ሄዶ የሚያስገባው ሌላ ጌታ ወይም ከተማ መኖሩ ላይ፣ ጌቶቹ ደግሞ አንድ ላይ ሆነው በሩን መዝጋት አለመቻላቸው ላይ። ይሄን ሳስብ በአረብ አገር ያለአሰሪዋ ፈቃድ ስራ መቀየር የማትችል እህታችን ትታወሰኛለች፣ በሳውዲ የ2021 ማሻሻያ ላይ ለሌላው ሰራተኛ የተፈቀደው ስራ የመቀየር መብት የቤት ሰራተኞችን አልጨመረም ነበር፣ 670 አመት ካለፈው የእንግሊዝ የሰራተኛ ህግም ጋር የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፣ ሰውን የሚይዘው ሰንሰለት ሳይሆን መልቀቂያ መከልከል ነው።

የባላባቶቹ የጦር ጉልበት የወደቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ1455 እስከ 1485 በነበረው የፅጌረዳዎች ጦርነት ትልልቆቹ ቤተሰቦች ተፋጁ፣ ሄንሪ ሰባተኛ ሲነግስ ባላባት የግል ሰራዊት የደንብ ልብስ አልብሶ እንዳይዝ በህግ ጠበቀባቸው፣ መድፍ ደግሞ የድንጋይ ምሽግን ትርጉም አሳጣው።

መሬቱስ? እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚከፋው። በ1660 ፓርላማው ባለመሬቶች ለንጉሱ የሚከፍሉትን የማደሪያ ግዴታ በሙሉ ሰረዘላቸው፣ በምትኩ ንጉሱ ገቢ ያስፈልገዋል ተባለና ቢራ፣ ሲደር፣ ሻይና ቡና ላይ ታክስ ተጣለ። መሬቱ ንጉሱን ለማገልገል የተሰጠ ነበር አይደል፣ አገልግሎቱ ቀረ፣ መሬቱ ለነሱ ፀደቀላቸው፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ማታ ቢራ የሚጠጣው የቀን ሰራተኛ ሆነ። ታች ላለው ኮፒሆልደር ግን እንዲህ አይነት ምህረት አልተደረገለትም፣ የሱ አይነት ይዞታ የተሰረዘው በ1926 ነው። ከዛ ደግሞ ማጠር መጣ፣ ከ1604 እስከ 1914 ከ5,200 በላይ ህጎች ወጥተው 6.8 ሚሊዮን ኤከር የጋራ ግጦሽና ማሳ፣ ከእንግሊዝ ቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛው፣ ታጠረና የግል ሆነ። ለአንድ ላም የሚሆን ሳር የነበረው ድሃ ላሙን ሸጦ ፋብሪካ ገባ። ከጌታው ነፃ የሆነ፣ ከመሬትም ነፃ የሆነ ሰው።

ለንደንን ስታዩ ይሄ በአይን ይታያል። የዌስትሚንስተር ገዳም የነበረ ኢበሪ የሚባል ግዛት በ1536 ሄንሪ ስምንተኛ ወሰደው፣ እየተሸጠ እየተወረሰ በ1600ዎቹ ሜሪ ዴቪስ ለምትባል ህፃን ደረሰ፣ በ1677 ገና በ12 አመቷ ለሰር ቶማስ ግሮቭነር ተዳረች። ያኔ ረግረግና የከብት ማሰማሪያ ነበር። ዛሬ ሜይፌርና ቤልግሬቪያ ነው፣ ከአለም ውድ መሬቶች አንዱ፣ ሰፊው ክፍል አሁንም በዛው ቤተሰብ እጅ።

ለዚህም ነው ለንደን ፍላት (አፓርታማ) የገዛ አበሻ ሁሉ የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው። አብዛኛው ፍላት ሊዝሆልድ ነው፣ ገዛሁ ያልከው ቤት በትክክል ለ99 ወይም ለ125 አመት የተከራየኸው ነው፣ መሬቱና ህንፃው ፍሪሆልደር የሚባል ሌላ ጌታ አለው፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት እንዲህ ነው። ሞርጌጅህን (የቤት ብድርህን) እየከፈልክ ለሱ ግራውንድ ሬንት፣ ማለትም የመሬት ኪራይ ትከፍላለህ፣ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለውን የህንፃ ማስተዳደሪያ ክፍያ እሱ የቀጠረው ድርጅት ይተምንብሃል፣ የሊዙ ዘመን ከ80 አመት በታች ሲወርድ ማራዘሚያው በጣም ይወደዳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ግራውንድ ሬንት ከ350 ፓውንድ በላይ ወይም ከሶስት አመት በላይ ሳይከፈል ከቆየ ፍሪሆልደሩ በፍርድ ቤት ሊዙን አስፈርሶ ቤቱን ሊወስድ የሚችልበት ህግ መኖሩ ነው፣ የመቶ ሺዎች ፓውንድ ቤት ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሊዝ መሬቱ የመንግስት ስለሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ጌታው ግለሰብ ወይም ኩባንያ ነው፣ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰዎች አሉ።

በህግ ታሪክ አጥብቀን ካየነው ሊዝሆልድ ከጭሰኝነት የወረደ አይደለም፣ የኪራይ ውል ነው የወለደው። የእንግሊዝ መንግስት ራሱ ግን ፊውዳል እያለ ነው የሚጠራው፣ እኔም በመንፈሱ ትክክል ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ምንም ሳይሰሩ መሬቱን በመያዝ ብቻ ከሚኖርበት ሰው ላይ መሰብሰብ ነው ነገሩ። ስኮትላንድ ይሄን ጨርሳዋለች፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2004 የፊውዳል ይዞታ የሚባለው በህግ ተሰርዟል። እንግሊዝና ዌልስ በቁራጭ ቁራጭ ነው የሚሄዱት፣ ከጁን 30 ቀን 2022 ጀምሮ በተፈረሙ አዳዲስ ረጅም ሊዞች አብዛኞቹ ላይ ግራውንድ ሬንት ቀርቷል፣ የ2024ቱ ህግ ደግሞ ማራዘሚያውን ወደ 990 አመት ለማድረስና ዋጋውን ለማቅለል ታስቦ ወጣ፣ ብዙው አንቀፅ ግን ወዲያው ስራ ላይ አልዋለም። ትልልቅ ባለመሬቶች ንብረታችን ተነካ ብለው ከሰሱ፣ በ2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም።

ምትኩ ኮመንሆልድ ነው፣ የፍላቱ ነዋሪዎች ህንፃውንም መሬቱንም አንድ ላይ የሚይዙበት፣ በላያቸው ጌታ የሌለበት አሰራር። ህጉ ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ግን በ20 አመት ውስጥ የተሰራበት ህንፃ 20 አይሞላም፣ ምክንያቱም ገንቢዎቹ ግራውንድ ሬንቱን ለኢንቨስተር ሸጠው ሁለተኛ ትርፍ የሚያገኙበትን መንገድ ለመተው ምንም የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። በ2025 ማርች መንግስት ባወጣው እቅድ ለአዳዲስ ፍላቶች ሊዝሆልድን ከልክሎ ኮመንሆልድን ግዴታ አደርጋለሁ ብሏል። ዋናው ጭቅጭቅ የሚቀረው ነባሮቹ ላይ ነው፣ ዛሬ ሊዝ የያዙት ሰዎች ፍሪሆልዱን ሲገዙ ስንት ይክፈሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ባይስማሙስ የሚለው ላይ፣ ሊዝሆልድ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ የምትከታተሉት ነገር ካለ ይሄን ተከታተሉ።